ለተዋናዩ የመለሱለት እማማ አስቴር

ባለፈው እሁድ ልጄ ቴአትር ይዛኝ ገባች። መድረኩ ላይ አንድ ሰው ብቻውን እየተንጎራደደ የኑሮውን ትርጉም ይፈልጋል፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ጭጭ ብሎ ያየዋል። መቀመጥ አቃተኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው መልስ ሲያገኝ አይቻለኋ!

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከደሴ ተመድቤ አረካ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው አይከፋም፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለኝ። አከራዬ እማማ አስቴር ማታ ማታ ከግቢው ማዶ ይጠሩኛል፤ የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ፣ አንዳንዴም ቆጮ በአይብ ያቀርባሉ። ጎረቤት እያለ ሰው ብቻውን መብላቱ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። እኔ ደግሞ "ጠግቤያለሁ" እያልኩ ክፍሌ ውስጥ ደረቅ ዳቦ እገምጣለሁ። ምን ዓይነት ኩራት እንደነበር እንጃ።

አንድ የሐምሌ ቀን የዝውውር ማመልከቻዬን ላስገባ ወደ ሶዶ ስሄድ፣ እማማም እህታቸውን ሊጠይቁ አብረውኝ ተሳፈሩ። ቢሮው "ከሰዓት ተመለስ" አለኝ። ዝናቡ ሲያባርረን ተማሪዎች ቴአትር የሚያሳዩበት አዳራሽ ገባን። እማማ ቴአትር አይተው አያውቁም።

ተዋናዩ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ "የምኖረው ለማን ነው? ብሞትስ ማን ያውቃል?" ብሎ ጮኸ።

እማማ ብድግ አሉ። "ኧረ ልጄ! ጎረቤት የለህም እንዴ? ና እኛ ቤት፣ እራት አለ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ነጠላቸውን ጎተትኩ።

"እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ! ጨዋታ እኮ ነው።"

"ምን ጨዋታ አለው?" አሉኝ ተቆጥተው። "አንተም እንደሱ ነህ። ሌሊት ክፍልህ ውስጥ ስትመላለስ እሰማሃለሁ።"

ፊቴ ነደደ። ያን ያህል የተጋለጥኩበት ቀን የለም። ዝናቡ ሳያባራ ሮጬ ማመልከቻዬን አስገባሁ።

የዚያን ዕለት ማታም እማማ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠሩኝ። በሩ ጋ ደረስኩ፤ የዳጣው ሽታ ምራቄን አስዋጠኝ። "ጠግቤያለሁ" ብዬ ተመለስኩ። በወሩ ዝውውሩ ተፈቀደ።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። "አባዬ፣ ምናለ ብትገባ?" አለችኝ።

"ብገባ እቀር ነበራ!" አልኳት።

ከዚያ በኋላ አምስት ከተማ ቀያይሬያለሁ። የት ለመድረስ እንደዚያ እንደቸኮልኩ ግን ዛሬም አላውቀውም።