ጅቡቲ ላይ ባዶውን ያልቀረበው መሶብ

የወጣሁበት ማታ ደሴን ጉም ውጧት ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሜ የጎረቤታችንን በር እንኳ ማየት አልቻልኩም። እናቴ «ጥሩ ነው፣ ስትሄጂ ማንም አያይሽ» አለችኝ። ዓይን አፋርነቴን ስለምታውቅ ነው እንዲያ ያለችው። ሰው ተሰብስቦ መሀል ላይ ከሚያስቀምጠኝ እስከ ኮምቦልቻ በእግሬ ብወርድ እመርጥ ነበር። ግን ጉሙም አላስጣለኝም። የሰፈሩ እናቶች እየተጠራሩ ገቡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፣ «ሰው አገር ሰው ያድርግሽ» አሉኝ፣ እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ አሚን አልኩ።

የምሄደው ጅቡቲ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የማውቀው ሥራ የእናቴን ነው። መሶብ፣ ሌማት፣ አገልግል እየሰፋን ገበያ እናወጣ ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ ወደ ላስቲክ ዕቃ ዞረና ስፌታችን ጓዳ ውስጥ ተደራርቦ ቀረ። ደላላው ጅዳ ልላካት ሲል እናቴ እምቢ አለችው። ጅዳ ባሕር ማዶ ነው፣ ጅቡቲ ግን ወንድሟ የሚመላለስበት አገር ነው፤ ካልተስማማት መኪናው ላይ አሳፍሮ ይመልሳታል አለች። ወንድሟ አጎቴ እንድሪስ ኮምቦልቻ የሚኖር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወደብ ወርዶ ጭኖ ይመጣል።

እናቴ አብራን እስከ ኮምቦልቻ ወረደች። እኛ ደሴዎች እንደምናደርገው ገና ከታክሲው ሳትወርድ ነጠላዋን አውልቃ በሱ ማራገብ ጀመረች። መኪናው ላይ ልታወጣኝ ስትል እጄ ላይ አንድ እስር አለላ አኖረችልኝ፤ ቀይና አረንጓዴ አድርጋ የነከረችው የስፌት ሣር ነው። ወስፌዬን ደግሞ በሻሼ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ሌላ የምትለው ያላት መሰለኝ፣ ግን አጎቴ ሞተሩን አስነሳ።

ባቲን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን፣ ያ ሁሉ ጠጠርና እሾህ ሜዳ አልቆ ጋላፊ ስንደርስ ከድንበሩ ማዶ ያለው ጠባቂ ከመኪናው አወረደኝ። አማርኛ ከኔ በላይ ይችላል። ፓስፖርቴን አየ፣ ቪዛዬን አየ፣ ከዚያ አለላዬን ከፍ አድርጎ ያዘና ምንድነው አለኝ።

«ሣር ነው» አልኩ።

«ከብት ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

«ታዲያ ይህን ማን ሊበላው ነው?»

አጎቴ ከኋላዬ ሆኖ የስፌት ነው፣ እንዲህ ተደርጎ እንዲህ ይሰፋል እያለ በእጁ አየር ላይ ቢያሳየው ሰውየው ዕፅዋት አይገባም ብሎ እስሩን ወደ ጎን ወረወረው። ወስፌዬን ደግሞ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሞክሮ፣ «በዚህ ሰው ወግተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ራሴን ብቻ አልኩት። ሳቀና መለሰልኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ስደት የገባሁት፣ ሣር የሌለው ወስፌ ይዤ።

ስለ ሙቀቱ ምን ልበላችሁ? ጅቡቲ ላይ አየሩ ራሱ ከድስት ላይ የተነሳ ክዳን ነው። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አለ፤ ነፋስ መጣ ብላችሁ ደረታችሁን ስትከፍቱለት አሸዋና እሳት ይሰጣችኋል። እንጀራ አለ፣ ግን አንድ ቀን አያድርም። ጠዋት ሰው ሁሉ ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ እንደ ማገዶ በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ዓሣው ጥሩ ነው፤ ከነራሱ ሰንጥቀው ይጠብሱታል፣ ዓይኑ ግን ያፈጥጥባችኋል፣ እኔ ደግሞ የሚያየኝ ነገር እያለ መብላት አልችልም።

ቤት ያከራዩኝ ሐጃ ዘህራ ናቸው፤ ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛቸው ያልጠፋ ሴትዮ። ክፍሉን ሲያሳዩኝ ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ፣ ቫንቲላተር የሚሉትን፣ በከዘራ እየጠቆሙ እንዲህ ያለ ሌላ ቤት አታገኝም አሉኝ። ገብቼ ባበራው አይዞርም። ሄጄ በራቸው ላይ ብዙ ቆሜ በመጨረሻ፣ «ሐጃ፣ ቫንቲላተሩ አይዞርም» አልኳቸው።

«አለ አልኩሽ እንጂ ይዞራል አልኩሽ?»

«አላሉኝም።»

«እንግዲያው በምን ተጣላን?»

እውነታቸውን ነው።

በሰው ቤት ሠራተኛ ሆንኩ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ካርት ደ ሴዡር የሚሉት፣ በጌቶቼ ስም የተያዘ ነበር። ዓርብ ዓርብ የእመቤቴ ጓደኛ የማዳም ሁዳን ሥራ ቦታ አጸዳ ነበር። ወደቡ አጠገብ ያለ የድሮ የጨው መጋዘን ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በባሕሩ በኩል ትልልቅ መስኮት ያለው፤ እንደ ጋራዥም እንደ ልብስ ስፌት ቤትም ነገር። ማዳም ሁዳ የጅቡቲ ሰው ናት፣ ሥዕል የተማረችው ፈረንሳይ ነው፣ አማርኛዋ ከሞግዚቷ የቀረ የልጅ አማርኛ ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ አሸዋ፣ የተቀደደ ጋዜጣ አንድ ላይ እየለጠፈች ባሕር ታደርገዋለች። ቴክኒክ ሚክስት ይሉታል፣ ሁሉንም የደባለቀ ሥራ ማለት ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ሳሌም የሚባል የመናዊ ሽማግሌ የዓሣ አጥንት በእንጨት ላይ ሲሰካ ይውላል። እሱን እፈራው ነበር፤ ስገባ አሰላሙ አለይኩም ስለው አንድ ቀን መልሶልኝ አያውቅም።

ወለሉ ላይ ያን ሁሉ የሚጣል ነገር ሳይ እጄን በላኝ። ሰማያዊ የዓሣ መረብ ክር፣ የካርቶን ማሰሪያ ላስቲክ፣ የጆንያ ክር፣ ቀጭን ቆርቆሮ። ከዚያ ገበያ ላይ የአፋር ሴቶች ዘንባባ ሲሸጡ አየሁና ስፌቱ ውስጥ የሚገባው ስንደዶ ባይኖር ይህ አለ አልኩ። ዘንባባውን ውስጡ አድርጌ፣ ክሩንና ላስቲኩን ላዩ ላይ እየጠመጠምኩ፣ ሐጃ ዘህራ ቤት በማይዞረው ቫንቲላተር ሥር መስፋት ጀመርኩ። ላቤ ዘንባባው ላይ ይንጠባጠባል፣ ላስቲኩ ከእጄ ያዳልጣል፣ እየፈታሁ እንደገና እሰፋለሁ። ሲያልቅ እግር ያለው፣ ክዳን ያለው፣ ሰማያዊና የዛገ ቀይ መሶብ ሆነ። ደሴ ቢሆን ይስቁብኝ ነበር። ማዳም ሁዳ ግን መጋዘኑ ይዤው ስሄድ ዙሪያውን ዞራ አየችውና፣ ኤግዚቢሽን ልናደርግ ነው፣ ይህም ይገባል አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ጌቶቼ አገር ሊለቁ መሆኑን ነገሩኝ። እነሱ ከሄዱ ወረቀቴ ያበቃል። ማዳም ሁዳ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ነገረችኝ። መጋዘኑ ውስጥ በመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ባለቤት የለውም። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እሷ፣ ሳሌምና ሙሴ ሉክ የሚባለው፣ መጋዘኑን የያዘው የሠዓሊዎች ማኅበር ፈረንጅ፣ ተነጋግረው ሥራቸውን ካቀረቡት ለአንዱ ይሰጡታል። ጠረጴዛውን ያገኘ ወረቀቱ በማኅበሩ ይታደሳል። ያላገኘ፣ እንግዲህ እኔ ብሆን፣ በአጎቴ መኪና ወደ ደሴ መመለስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዘኑን ስጠርግ ያን ጠረጴዛ አንዴም በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ ከነካሁት የሚነጥቁኝ መሰለኝ።

የመክፈቻው ቀን፣ ቬርኒሳዥ የሚሉት፣ መሶቤን በነጭ መቆሚያ ላይ አስቀመጡት። ማዳም ሁዳ ክዳኑን አንስታ ጎኑ ላይ አደረገችና ውስጡ እንዲታይ እንዲህ ባዶውን ይሁን አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው። እሷ ዞር ስትል ግን መቆም አቃተኝ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ባዶ መሶብ በእንግዳ ፊት አይከፈትም። ጎረቤት ያዋሰንን ሰሐን እንኳ ባዶውን አንመልስም፣ ቢጠፋ አንድ ጭብጥ ቆሎ እንጨምርበታለን። ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ አፉን የከፈተ ባዶ መሶብ ላሳይ? ቤታችንን ያዋረድኩ መሰለኝ። አጎቴ ከእናቴ ያመጣልኝ ጭኮ ነበር፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ደሴ ላይ ወሩን ሙሉ እንደ ድንጋይ ጸንቶ የሚቀመጥ። ሮጬ ሄጄ አመጣሁት፣ ከሥሩ ደለደልኩት፣ ክዳኑንም ገጥሜ ተደበቅሁ።

እንግዶቹ ገብተው ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። የአየር ማቀዝቀዣው ዝም አለ፣ በሮቹን ከፈቱ፣ ያ አየር ገባ። ጭኮውም ቅቤውን ለቀቀ። በዘንባባው መካከል እየሾለከ፣ በመሶቡ እግር እየወረደ፣ ነጩን መቆሚያ በቢጫ መስመር አጠበው። የንጥር ቅቤና የኮረሪማ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሰው አፍንጫውን እያነሳ ምንጩን መፈለግ ጀመረ። ሙሴ ሉክ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየና በማዳም ሁዳ አስተርጓሚነት፣ ይህ የሚወርደው ለአገርሽ ያለቀስሽው እንባ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አይደለም፣ ሙቀቱ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ማዳም ሁዳ ክዳኑን ከፈተች። ፊቷ ተለወጠ። ምግብ በሥራ ላይ አይቀመጥም፣ ጉንዳን ይመጣል፣ የሌላውንም ሥራ ያበላሻል አለችኝ፣ እውነቷንም ነው። «ሰዓዳ፣ ወይ ምግቡን አውጪ፣ ወይ መሶቡን አውርጂ።»

ጠረጴዛውን አየሁት። ጭኮውን ባወጣ ማን ይከሰኛል? ግን አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ። «አወርደዋለሁ። ባዶውን ለሰው አላሳይም፣ ነውር ነው» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው መሰል አስተጋባ፣ ሰውም ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሶቡን በሁለት እጄ አቀፍኩት፣ ቅቤው ቀሚሴ ላይ ወረደ።

ሳሌም ከጥጉ ተነስቶ መጣ። ከማውረዴ በፊት ልቅመስ አለና ጣቱን ሰደደ። አኘከ፣ እንደገና ሰደደ። ከኋላው አንድ የከተማው ሽማግሌ ባቲ ላይ ግመል ሲገዙ እንዲህ ያለ በልተው እንደነበር እያወሩ እጃቸውን አስገቡ። ከዚያ ሴቶች መጡ፣ ሙሴ ሉክም በወረቀት ይዞ በላ። እኔ መሶቡን እንዳቀፍኩ ቆሜያለሁ፣ ሰው ከእቅፌ ይበላል፣ መግቢያ ቀዳዳ አጥቼ ብሉልኝ፣ ብሉልኝ እላለሁ። አለቀ። ማዳም ሁዳ ውስጡን አየችና፣ «በቃ፣ አሁን ባዶ ነው፣ መልሰሽ አስቀምጪው» አለችኝ።

«አሁንማ ጭራሽ አይሆንም፤ የበሉ እንግዶች ፊት?» አልኩና ደጅ ካለው ሻጭ ተምር ገዝቼ ሞላሁት። እሷም ሳቀች፣ ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቀች።

ውሳኔው እስኪነገረኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። በዓርቡ ወለል እየጠረግሁ ሳለ ሳሌም በዐረብኛ ጠራኝ፤ በሰው ቤት የለመድኳት ትንሽ ዐረብኛ ትበቃኝ ነበር። ጠረጴዛው ያንቺ ነው አለኝ፤ ማዳም ሁዳ ትንሽ ተከራክራ ነበር፣ ፈረንጁ ግን ጭኮ ከየት ይገኛል እያለ አስቸገረን። አንድ ነገር ብቻ፣ ከኔ አጠገብ ስለምትቀመጪ ቅቤ የሚባል አይገባም አለኝ። ለምን ሰላምታዬን እንደማይመልስ ያን ቀን ደፍሬ ጠየቅሁት። «ሰላምታ?» አለኝ። «ከንፈርሽን ስታንቀሳቅሺ አያለሁ። ቁርኣን የምትቀሪ መስሎኝ እንዳላቋርጥሽ ዝም አልኩ።» መጥረጊያዬን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደስ ይል ነበር፣ ከረጅም ዳገት በኋላ እንደሚያርፉት።

ወረቀቱን ላሳድስ ስሄድ የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ የማኅበሩን ደብዳቤ አንብቦ፣ «አርቲስት ነሽ? እስኪ ዝፈኝ» አለኝ። መሶብ ነው የምሰፋው አልኩት። መሶብ የሚሰፋ አርቲስት አይቼ አላውቅም አለኝ። እኔም አይቼ አላውቅም አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ።

ማታውን እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መሶብ ዝም ብሎ ለመታየት ብቻ መቆሙ አልገባትም፤ ጭኮዋ መቅለጡ ነው ያንገበገባት። ቀጥላ በሉት ወይ አለችኝ፣ አዎ ስላት አልሃምዱሊላህ አለች። ጠረጴዛው ስንት ክንድ እንደሆነ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከማን ጎን እንደምቀመጥ ጠየቀችኝ። ሽማግሌ ነው ስላት ደስ አላት።  

«ሰዓዳ» አለችኝ።

«ወይ፣ እማ።»

«ጠረጴዛው ጋ ሌላ ወንበር አለ?»

«አንድ አለ።»

«ማን ይቀመጥበታል?»

«ማንም።»

«እንድሪስን እንግዲህ መንገዱ ለአሮጊት ይከብድ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ» አለች። ፓስፖርት የላትም፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ ወርዳ አታውቅም፤ ጉልበቷንም ያማታል። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

«ጠይቂው፣ እማ» አልኳት።

«እስከዚያ ማንንም እንዳታስቀምጪበት።»