ያላየሁት ክፍል አንድ

ልጅ እያለሁ ውሸቴ ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም። በእኛ ዘመን የአምቦ ልጅ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይዋሽ ነበር። አንዱ «አጎቴ ፓይለት ነው» ይላል፤ አንዷ «ወንጪ ሐይቅ ላይ ብቻዬን ጀልባ ቀዝፌአለሁ» ትላለች። የእኔ ውሸት አዲስ አበባ ነበረች። ክረምቱን አክስቴ ቤት ስለማሳልፍ፣ መስከረም ላይ ስመለስ ያላየሁትን ሁሉ አይቼ እመጣለሁ። አባቴ አንዳንዴ ለጓደኞቼ ሳወራ ይሰማኝና «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ብሎ ወደ ጋዜጣው ይመለሳል። እኔ ግን እያደረ የከበደኝ አንድ ውሸት አለ።

የደርግ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በሰፈራችን ቪዲዮ የሚያሳየው ጋሽ ሸምሱ ነበር፤ ከደቡብ መጥቶ ከእኛ ጋር ያረጀ ጨርቅ ነጋዴ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው መጋዘን አግዳሚ ወንበር ይደረድርና፣ ቴሌቪዥኑን የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀምጦ እሑድ ከሰዓት በሩን ይከፍታል። እኛ «ሲኒማ» ነበር የምንላት። አዲስ አቡጀዲ፣ ናፍታሊንና የእግር ላብ አንድ ላይ ይሸት ነበር፤ ዛሬም ጨርቅ ተራ ሳልፍ የሆነ ሰው ተኩስ የሚጀምር ይመስለኛል። ጋሽ ሸምሱ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ይህ ግን ከመተርጎም አላገደውም። የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና «ይሄ ሰውዬ ወስላታ ነው፣ አትመኑት፣ አሁን ይከዳዋል» ይለናል። አብዛኛውን ጊዜም ይሳካለት ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለን የሌንሳ እናት ሞቱ። ሌንሳ በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷን፣ እትዬ ጫልቱን፣ የሦስት ቀን ሕመም ነው የወሰዳቸው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሲላቀስ ሌንሳ ግን አላለቀሰችም። ሴቶቹ እያቀፉ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ፣ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ቢሏት እንደ እንጨት ትቆማለች። ሦስት ሳምንት አለፈ። ሲሰጧት ትበላለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች፣ እንባ ግን የለም። አባቷ ኦቦ ገመቹ አንድ ቀን እናቴን በራችን ላይ አስቁመው «ይቺ ልጅ በቁሟ እየደረቀችብኝ ነው፤ ማል ጎና? ምን ይሻለኛል?» ሲሉ ሰማኋቸው። ትልቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሲጨንቀው ያየሁት ያኔ ነው።

እናቴ ጠራችኝና «ይዘሻት ውጪ፣ አጫውቻት» አለችኝ። እኔም ይዣት ወጣሁ፤ እናቷ ከተቀበሩ ወር ያልሞላቸውን ልጅ ሙታን ከመቃብር ሲነሱ የሚያሳይ ፊልም ወሰድኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ በልጅ አእምሮዬ ጥሩ መሥራቴ ነበር።

ፊልሙን የላከው መርካቶ ያለው የጋሽ ሸምሱ ልጅ ነው። ተሳስቶ ሁለተኛውን ክፍል አስቀድሞ ላከው። ጋሽ ሸምሱ «አንደኛው በመንገድ ላይ ነው፤ እናንተ ብቻ እዩ፣ ምንም አይልም» ብሎ አስገባን። ዞምቢ የሚለውን ቃል ማን ያውቃል፤ «ተነሺዎቹ» ነበር የምንላቸው። አፈሩ ያብጣል፣ እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ሸሚዛቸው የተቀደደ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው እየተንገዳገዱ ይመጣሉ። ያገኙትን ሰው ይነክሳሉ። ባለረጅም ተረከዟ ሴት ሮጣ ሮጣ፣ እንደሚጠበቅባት ወደቀች። ከኛ ክፍል አለቃ ጀምሮ ግማሹ ልጅ አግዳሚው ሥር ገባ፤ አንዱ «ሽንቴ መጣ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ጋሽ ሸምሱ ራሱ ግራ ገብቶት ሜትሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋና «እነዚህ ሰዎች ሞተው ነበር፤ ተነሡ። ለምን እንደተነሡ አላህ ያውቃል፤ አንደኛው ላይ ነው ያለው» አለ።

«እኔ አይቼዋለሁ! አዲስ አበባ!» አልኩ። ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። የአክስቴ ቤት እንኳን ቪዲዮ፣ ቴሌቪዥንም አልነበረውም፤ ያላት ዳንቴል የለበሰች ሬዲዮ ነበረች። ከጎኔ ሌንሳ ብቻ አልዞረችም። ዓይኗን ሳትከድን ስክሪኑን ታይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ ሄደን ድንገት «በአንደኛው ክፍል እንዴት ነው የተነሡት?» አለችኝ። መልስ ፍለጋ ዙሪያዬን አየሁ። ጀሪካን የተጫነች አህያ ከምንጩ የሚፈላውን ውሃ ይዛ ታልፍ ነበር። አገሩን ለማያውቅ፣ የእኛ አምቦ ውሃ እሳት ሳይነካው ከመሬት እየተንተከተከ ይወጣል። «መቃብሩ ላይ እሳት ሳይነካው የሚፈላ ውሃ ፈሶ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሁሉም ይናከሳሉ?» አለች። ፊቷን ሳየው አሳዘነችኝ። «በአንደኛው ክፍል ደጎች ናቸው። ሰው ስለሸሻቸው ነው የተናደዱት» አልኳት። «እናት ልጇን ትነክሳለች?» «አትነክስም።» እናቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘችኝ፤ እየተወዛወዝን ሄድን።

ከሰኞ ጀምሮ የመውጫ ደወል ሲደወል ሌንሳ ትጠፋለች። ሐሙስ ዕለት ዴስካችን ላይ ጎንበስ ብላ «የውሃው ጋዝ መንገድ ላይ እየወጣብኝ ነው፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ብወትፍበትም ቤተ ክርስቲያን ስደርስ መፍላቱን ይተዋል። ነገ አንቺም አንድ ጠርሙስ ብትይዥልኝና ብንሮጥስ?» አለችኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከምንጩ እናቷ እስከተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ብቻዋን። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ «እሺ» የሚል ወጣ።

አርብ እየሮጥን ሄድን። ዳገቱ ላይ ጠርሙሱ እጄ ላይ ሲንጫጫ ይሰማኛል። የእትዬ ጫልቱ መቃብር ገና ድንጋይ አልተደረደረበትም፤ አፈሩ መሀሉ ላይ ረጥቦ ጎድጉዷል። ሌንሳ ቆረቆንዳውን ነቅላ ውሃውን ስታፈስ ደረቁ ዳር ሽሽ እያለ ጠጣው። ተንበርክካ ጆሮዋን መሬቱ ላይ አደረገች። «ስሚ፣ እየተነፈሰች ነው» አለችኝ። እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ድምፁ እውነትም አለ። ከዚያ ሌንሳ ከደብተሯ መሀል በጋዜጣ የተጠቀለለ ቂጣ አወጣች። «ስትነሣ ይርባታል። ሰው እንዳትነክስ መጀመሪያ እኔ አበላታለሁ» አለች።

ቂጣውን ሳይ አቃተኝ። «ሌንሳ፣ ዋሽቻለሁ። ክፍል አንድን አላየሁትም» አልኳት።

«ምኑን ነው የዋሸሽው? የውሃውን?»

«ሁሉንም።»

ቂጣውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ከዚያ በሁለት ጡጫዋ ደረቴን ትደበድበኝ ጀመር። አልሸሸሁም። ስትመታኝ፣ ስትመታኝ ቆይታ አፈሩ ላይ ተደፋች። «ሃርሜ! ሃርሜ ኮ!» እያለች እናቷን ስትጠራ ጩኸቷ ቅጥሩን ሞላው። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው ሮጠው መጡ፤ ሲያዩን ዱላቸውን አስቀመጡ። ላነሣት ስል «ተያት ልጄ፣ ተያት ታልቅስ» አሉኝ። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ሌንሳ አለቀሰች የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። እናቴ «አንጀቴን አራስሽው» ብላ ሳመችኝ። ማታ ኦቦ ገመቹ መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ገላቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄን መለስሽልኝ» ብለው መረቁኝ። ያስለቀሳት ውሸቴ መሆኑን ሳልናገር አሜን አልኩ። ይህም ሌላ ውሸት ነበር። ሌንሳ ሁለት ሳምንት ዘጋችኝ፤ በሦስተኛው ሰኞ ከቆሎዋ ግማሹን ዴስኩ ላይ ወደ እኔ ገፋች። ክፍል አንድ ከወራት በኋላ መጣ። ሰፈሩ ሙሉ ሲገባ እኔና እሷ አልገባንም።

ዛሬ ልጆቼ አልጋ ላይ ተጋድመው በስልካቸው የፈለጉትን ክፍል ከፈለጉበት ይጀምራሉ። ያልገባቸውን እዚያው ጠይቀው እዚያው ያገኛሉ፤ «አይቼዋለሁ» ብሎ የሚዋሻቸው ጓደኛ አያስፈልጋቸውም። ደግ ነው እላለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ዳገት የሚወጣ ልጅ ሳጣ ደግሞ ቅር ይለኛል።

ሌንሳ ዛሬ እንጭኒ ከተማ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት ልጇ ሲመረቅ ከድግሱ ገለል ብለን ተቀመጥንና፣ ይህን ያህል ዘመን የያዝኩትን ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ሰው እናቴ የሞተችው የተቀበረች ዕለት ይመስለዋል። ለእኔ የሞተችው አንቺ ‹ዋሽቻለሁ› ያልሽኝ ቀን ነው» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እጄን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «አምስት ቀን እኮ ነው የጨመርሽልኝ፤ ማን ያገኛል?» አለች። ቀጥላም «ባትነግሪኝ ኖሮ ግን እስከ ዛሬም ውሃ ስሸከም እኖር ነበር» አለችኝ።