የጋሽ ታደሰ ቀኝ እግር

ዛሬ ጠዋት አንዲት የሰባ ዓመት ሴትዮ ባታቸውን እንዳሽላቸው ለመኑኝ፤ እኔም እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ።

ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወር ነው። አምስተርዳም ውስጥ ጭንቅላታቸው የደማባቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነርስ ነኝ። ሴትዮዋ አንጎላቸው ዙሪያ ደም ፈሶባቸው ከገቡ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ደማቸው እግራቸው ውስጥ እንዳይረጋ እስከ ጭን የሚደርስ ነጭ ጥብቅ ስቶኪንግ አድርገንላቸዋል።

"ዙስተር፣ ይሄን ነገር አውልቂና ትንሽ እሺኝ" አሉኝ፤ ነርስን እዚህ የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

ከኪሴ ሜትር አውጥቼ ባታቸውን ለካሁ።

"ምነው፣ ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው?" ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ይሄንን ቀልድ ከሰባት ዓመት በፊት ሮተርዳም ላይ በአማርኛ ሰምቼዋለሁ።

ጋሽ ታደሰ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ፣ ዴን ሃግ ቢሮ ጠራጊ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ብቻዬን ሆላንድ ስመጣ እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ አበበች ላክ በሚባለው የዴን ሃግ ሰፈር ካለችው ጠባብ ቤታቸው አስገቡኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ ሆላንድኛው ቶሎ ስለገባኝ የቤቱ አፍ እኔ ሆንኩ። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ፣ የቤት ጉዳይ እኔ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ እኔ። ውለታቸውን አልረሳሁም፤ ግን እውነቱን ልናገርና ያንገሸግሸኝ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት በሆነኝ ጊዜ፣ የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውጪው ነፋስና ካፊያ ነው። እትዬ የሆላንዶችን ደረቅ አተር ፈጭተው ሽሮ እየሠሩ ነበር፤ ቤቱን የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሞልቶታል። ጋሽ ታደሰ የቀሚሴን ጠርዝ ሲቆርጡ መቀሱ ከእጃቸው ወደቀ። ማጅራታቸውን ይዘው ዞር አሉና "ማነው የመታኝ?" አሉ። ከኋላቸው ግድግዳ ብቻ ነበር። ከዚያ አስመለሳቸውና ወደቁ።

ሮተርዳም ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሐኪሙ ሁሉንም አስረዳኝ፤ እኔም አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ። አንጎላቸው ዙሪያ ያለ የደም ሥር ፈንድቷል። እስኪረጋጋ ሦስት ሳምንት ሳይነቃነቁ መተኛት አለባቸው፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ችግሩ፣ ሰው እንደዚያ ሲተኛ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደግሞ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ያንን የሚከለክል ደም ማቅጠኛ አለ፤ እሱን ከሰጠናቸው ግን ጭንቅላታቸው እንደገና ይደማል። ስለዚህ ያለን ስቶኪንግ ብቻ ነው አለ። እግራቸውን ካመማቸው ወይም ካበጠ ወዲያው ንገሩን አለ።

ነርሷ ለስቶኪንጉ እግራቸውን ስትለካ ነው የሱሪውን ቀልድ የቀለዱት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲለኩ ኖረው ተለኪ መሆናቸው ገርሟቸዋል። "ሜትሩን አላልታ ይዛለች፤ በያት" አሉኝ። አልተረጎምኩም። ስቶኪንጉን ሲያዩ ደግሞ "ለወንድ ልጅ! ስፌቱስ ቢሆን?" ብለው ተሳለቁ።

በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ከእትዬ ጋር በባቡር ሮተርዳም እንሄዳለን። መስኮቱ ላይ ዝናብ፣ ከዝናቡ ወዲያ ውሃ ያቆረ ሜዳ። እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሹክሹክታ ይጸልያሉ፤ እኔ የፈተናዬን ደብተር ገልጬ አንድም መስመር ሳላነብ እደርሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሰልችቶኝ ነበር። ሰው ሲታመም መሰልቸት ነውር ነው፤ ግን ይሰለቻል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ገና ከመግባታችን ጋሽ ታደሰ "ቀኝ ባቴ አላስተኛ አለኝ" አሉ። ነርሷን ልጠራ ስነሳ ክንዴን ያዙ።

"ተይ ልጄ። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ካወቁ ሌላ ሦስት ሳምንት ይጨምሩብኛል።"

"ካመመዎት ንገሩን ብሎ የለም እንዴ ሐኪሙ?"

"ሐኪሙ እንጨት ሁን ነው ያለኝ። እንጨት ያመዋል?"

እኔም ሳቅኩ፤ ተቀመጥኩም። እትዬ መጋረጃውን ሳቡ፤ ስቶኪንጉን አወለቁ። ባታቸው አብጦ ያብረቀርቃል። "መተኛት ነው ያደረቀው" ብለው ከቦርሳቸው ቫዝሊን አወጡ። እኛ ዘንድ ያበጠ እግር ይታሻል፤ እሱን ብሎ ማንም ሐኪም አይጠራም። ሲደክማቸው "ነይ አንቺ ጉልበት አለሽ" አሉኝና እኔም አሸሁ፤ ጠንከር አድርጌ፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፍነው "እፎይ" አሉ። ስቶኪንጉን መልሰን አለበስናቸው፤ ባቡራችንም ደረሰልን።

ለምን ዝም እንዳልኩ አውቃለሁ። ለእሳቸው አዝኜ ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት ቢጨመር ያ ባቡር ለኔም ይጨመር ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ። ምሳ ሊያበሏቸው ሲሉ ትንፋሽ አጥሯቸው በደቂቃዎች ውስጥ አልፈዋል። ሐኪሙ ጋ ስንቀርብ በሆላንድኛ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሕመሙን፣ ማሸቱን፣ ዝምታዬን። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር።

አልተቆጣም። "ብትነግሪን ኖሮ ማቅጠኛውን ለመስጠት እንፈራ ነበር። ባንሰጥም ይሄው ነው" አለና እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የረጋውን ደም የነቀለው ማሸታችን ይሆን ስለው "አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም" አለኝ።

እትዬ "ምን አለ?" አሉኝ።

"ልባቸው ነው የደከመው አለ" አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አጣምሜ የተረጎምኩት እሱን ብቻ ነው።

የዛሬዋ ሴትዮ ቀኝ ባታቸው ከትናንቱ በሁለት ሴንቲ በልጧል። ሮጥኩ፤ አንዲት ደቂቃ አላባከንኩም። የክፍላችን ሐኪም ልኩን የጻፍኩበትን ወረቀት አየ፤ ከደሙ ገና አምስት ቀናቸው ነው አለ፤ ማቅጠኛውን ብሰጣቸው ጭንቅላታቸው፣ ባልሰጣቸው ሳንባቸው አለና መስኮቱ ጋ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ያንኑ መልስ በፍጥነት ለመስማት ኖሯል። እግራቸውን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ ስመለስ ሴትዮዋ ተቀይመውኝ ፊታቸውን አዙረዋል።

እሁድ ዴን ሃግ እሄዳለሁ። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ይሄን ለመጻፍ የደፈርኩትም ለዚያ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ እንግዳ አይጠፋም፤ እሳቸውም ስለ ጋሽ ታደሰ ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚያው ይደርሳሉ። መጽናኛቸው እሱ ነው።

"ደግነቱ እፎይ ብሎ ነው የሄደው" ይላሉ። "በመጨረሻው ቀን ያን እግሩን አሸንለት። አይደል ልጄ?"

"አዎ እትዬ" እላለሁ። "አብረን ነው ያሸነው።"