ቀጭኔ የሰፋችው ሆድ

ቀጭኔ ማፈር የጀመረችው ማርገዟን ያወቀች ዕለት ነው ወይስ ለወንድሟ ሚስት ሆድ መስፋት የጀመረች ዕለት? ነገሩ ቢገላበጥም ቢታሰብም መልስ አልተገኘለትም።

የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች በምትውልበት ቤት በስሟ የሚጠራት የለም። በቁመቷና በአንገቷ ምክንያት ቀጭኔ ናት። ቁመት ደግሞ ሆድ ይሸሽጋል፤ ስድስት ወር አልፏት እንኳ ወፈር ያለች እንጂ ያረገዘች አትመስልም ነበር። የልጁ አባት ጨርቅ የሚያመላልሰው ሾፌር ነው። ወሬውን በሰማ ሳምንት መስመር ቀየረ፤ ስልኩም አይነሳም።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። ወንድሟ ሲነገረው አልጮኸም፤ "እናንተው ጨርሱት" ብሎ ነገሩን ለሚስቱ ተወው። መላውን ያመጣችው ቀጭኔ እትዬ የምትላት ይህችው ሚስቱ ናት። ዓመታት በትዳር ኖራ ልጅ አላገኘችም። ሩቅ አገር ሄደሽ ትወልጃለሽ፣ እኔም አብሬሽ እሄድና የወለድኩት እኔ ነኝ ብዬ ታቅፌው እመለሳለሁ፣ አንቺ አክስት ትሆኛለሽ፣ ሁላችንም ከሐሜት እንተርፋለን አለቻት። ቀጭኔ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ገደል ግቢ ብትባልም ትነቀንቅ ነበር።

ልጅ ደግሞ ያለ ሆድ አይወለድምና ሆዱን የምትሰፋው እሷው ሆነች። ከሥራ ቦታ የተጣለ ስፖንጅና ጥጥ በቦርሳዋ ታመጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ የራሷን ሆድ በሜትር ለክታ በዚያው ልክ የእትዬን ትሰፋለች። የራሷ ሲገፋ የእትዬን ጥጥ ትጨምራለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖባት ሁለተኛውን ሆድ ጨርሳ ሦስተኛውን ያዘች። እጅ የለመደውን ነውና አንድ ቀን ሳታስበው የሥራ ቤቱን የመጠን ምልክት፣ "መካከለኛ" የሚለውን፣ ከሆዱ ጠርዝ ላይ ሰፍታበት ተገኘች። እትዬ ይህን ስታይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጭኔም አብራ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ቀና ብለው መተያየት አቃታቸው።

የእትዬ እርግዝና ሰፈሩን አዳርሶ ሥራ ቤት ደረሰ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ አክስት ልትሆኚ ነው አሏት። ጨርቅ ቆራጯ፣ ቀልድ ካልተናገረች መቀሷ የማይቆርጥላት ሴት፣ ቀና ብላ "አንቺ ቀጭኔ፣ ያረገዘችው የወንድምሽ ሚስት፣ የምትወፍሪው አንቺ! እናንተ ቤት ምግቡ ነው ወይስ አየሩ?" አለቻት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ቀጭኔም ከአንገት በላይ ሳቀች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያውቁ አታውቅም። በምሳ ሰዓት ግን ምሳዋን ትታ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ወዳለችው የነፍሰ ጡሮች አማካሪ ዘንድ ሄደች።

"ለጓደኛዬ ነው፤ ስትወልድ ልጁን ለዘመዷ ልትሰጥ ነው" አለች ገና ሳትቀመጥ።

አማካሪዋ ሆዷን እንዳላየ አለፈችው። እንግዲያው ለጓደኛሽ ንገሪያት ብላ ቀስ እያለች አስረዳቻት። መስጠት ግዴታ አይደለም፤ ላሳድግ ካለች የሚደግፋት አለ። ዘመድ ያሳድግልኝ ካለችም ይቻላል፣ ግን በፍርድ ቤት፣ በግልጽ። ጉዲፈቻ ከመረጠች አሳዳጊዎቹን ራሷ አይታ፣ አነጋግራ ልትመርጥ ትችላለች፤ ፎቶ እንዲላክላት፣ እየመጣች እንድትጠይቀው መስማማትም አለ። አልታወቅ ካለችም ሌላ መንገድ አለ። አባትየው ሸሸ ተብሎ አይታለፍም፤ ተፈልጎ ይጠየቃል።

"ደግሞም ከመውለዷ በፊት የሰጠችው ቃል አያስራትም" አለች አማካሪዋ። "ወልዳ፣ አቅፋው፣ አረፍ ብላ ነው የምትወስነው። ያን ጊዜ እምቢ ብትል ማንም ከሃዲ አይላትም።"

ቀጭኔ የቀሚሷን ጠርዝ ስትጠቀልል ቆየች። "ዘመዷ የወለድኩት እኔ ነኝ ብትልስ?"

"እሱ ጉዲፈቻ አይደለም፣ ውሸት ነው። ልጁ አንድ ቀን ይሰማል። የሰማ ቀን ሁለቱንም እናቶቹን ያጣል።" ቀጥላም "ጓደኛሽን ሰኞ ይዘሻት ነይ" አለቻት።

ቀጭኔ አንገቷን ደፋች። "መጥታለች" አለች።

ማታ እቤት ስትገባ እትዬ መኝታ ክፍል ውስጥ ትልቁን ሆድ ለመለካት ቀሚሷን ፈታ አድርጋ ትጠብቃት ነበር። ቀጭኔ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

"እትዬ፣ ይሄን አልሰፋም። ዛሬ የነፍሰ ጡሮች አማካሪ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሰኞም ነይ ብላኛለች።"

እትዬ የቀሚሷን ጫፍ እንደያዘች ዞረች።

"አልሰጥሽም ማለቴ አይደለም። እሰጥሻለሁም አላልኩም፤ ገና አላውቅም። ብሰጥሽ ግን የወለድኩት እኔ መሆኔ ታውቆ ነው።"

"ጎረቤቱ ሁሉ ሆዴን ዳስሶኛል እኮ" አለች እትዬ። "ምን ልበላቸው? ጥጥ ነበር ልበላቸው?"

ቀጭኔ መንገደኛው ሁሉ ቢያያት እንደዚያ ባላፈረች፤ ይህችን ለልጅ የጓጓች ሴት በገዛ እጇ ሞልታ በገዛ አፏ ባዶ አደረገቻት። እትዬ ፊቷን አዙራ፣ የታጠቀችውን ሆድ ከወገቧ ያሰረውን ገመድ ፈታችና ሆዱን አልጋው ላይ አኖረችው። ገመዱ ወገቧን ዙሪያውን አቅልቶት ነበር። ራቁቷን የተገኘች ይመስል ጠፍጣፋ ሆዷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ወንድምየው ሲገባ ሚስቱን ወገቧን አየ፣ አልጋው ላይ ያለውን አየ።  ደፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ሌላውን ማውለቅ ረስቶ ቁጭ አለ።

እትዬ ጀርባዋን እንደሰጠች "ሰኞ እኔም እሄዳለሁ" አለች። "የነገረችሽን ለእኔም ትንገረኝ። ካንቺ አፍ መስማት አልችልም።"

ቀጭኔ እሺ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እፍረቱ አለቀቃትም፤ ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ስታለቅስ ይሰማታል፣ ተነስታ ልታባብላት ፈልጋ ምን ፊት ይዤ ብላ ተወችው። ልጁ ጎኗን ገፋት። ወራቱን ሁሉ እንዳይታወቅባት ስትሰበስበው የኖረችውን ሆዷን ለቀቀችው፣ ከነቀሚሷ በጎኗ ጋደም አለች፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓትም ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰዳት።