ለባቡሩ የተቆፈረው ጉድጓድ

ደገፋ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ከከምባታ በልጅነቱ መጥቶ ንፋስ ስልክ ከከተመ ወዲህ ሌላ ሥራ አልያዘም። ከሳሪስ እስከ መካኒሳ አቦ የእሱ ዶማ ያላረፈበት ግቢ ጥቂት ነው። ሲቆፍር በአፍንጫው መዝሙር ያንጎራጉራል። አፉን ከፍቶ የማይዘምርበት ሁለት ምክንያት ነበረው። አንዱ ዘመኑ ነው፤ ጴንጤ የተባለ ሁሉ ይታደን ነበርና ጸሎቱ በየሰው ጓዳ በሹክሹክታ ሆኗል። ሁለተኛው የፊት ጥርሶቹ አለመኖራቸው ነው።

ጥርሶቹን ያወለቃቸው በኃይሉ ነው። በኃይሉ ያን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር፤ አንደበቱ የተባ፣ ካኪ ልብሱ እንደተተኮሰ የሚውል ሰው። በአንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ግራ እጁን ጨብጦ እያነሣ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ሲል፣ ደገፋ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ተቀመጠ።

«ጓድ ቆፋሪ፣ እጅህን አሞሃል?» አለው በኃይሉ ከመድረኩ።

«አላመመኝም።»

«እንግዲያው አንሣዋ።»

«አብዮቱን አልጠላሁም» አለ ደገፋ። «ከሁሉም በላይ ግን እግዚአብሔር ነው። ሌላውን በሉኝ፣ እላለሁ። ይሄንን አልልም።»

ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ክፍል ወሰዱት። እጅና እግሩን አንድ ላይ አስረው በእንጨት ላይ ዘቅዝቀው ሰቀሉት። አፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቁና ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ እየተፈራረቁ ገረፉት፤ ቆዳው ተገሽልጦ ደሙ ወደ ጭኑ እስኪወርድ ድረስ ገረፉት። እንጨቱን ይዞ የሚያወዛውዘው የበኃይሉ ምክትል ግዛው ነበር። በየመሀሉ ጨርቁን እያወጡ «በል» ይሉታል፤ እሱ ዝም ይላል። በመጨረሻ በኃይሉ ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ በእጀታው አፉን መታው። ደግሞ መታው።

«ቃሉ መውጫ አጥቶ እንደሆነ በሩን ከፈትኩለት» አለና ሳቀ። የቆሙትም አብረውት ሳቁ።

ደገፋ አላለም። አመሻሽ ላይ የሥራ ጓደኛው ቱሉ በጀርባው አዝሎ ቤቱ አደረሰው። ሚስቱ ገዲሴ እግሩን ስታጥብ አላለቀሰችም። የበኃይሉን ስም ብቻ በዝግታ እየደጋገመች ትጠራ ነበር፤ እንዳትረሳው የምታጠናው ይመስል።

እግሩ ሽሮ ዶማ ለመያዝ በበቃበት ሰሞን ግን እግዚአብሔር እንጀራ አላሳጣውም፤ የባቡሩ ሥራ መጣ። ከመካኒሳ ተነሥቶ፣ የላፍቶን ሜዳ አቋርጦ፣ ሳሪስ ላይ ከነባሩ ሐዲድ ጋር ተገናኝቶ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሚዘልቅ የሠራተኛ ባቡር ታቅዷል ተባለ። ከወጪው ጥቂቱን ሕዝቡ በየቀበሌው አዋጣ። ትልቁን ከወዳጅ አገር በብድር ለማግኘት ታስቦ ነበር። አበዳሪዎቹ ደግሞ ከመፈረማቸው በፊት ሐዲዱ የሚያርፍበትን አፈር በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ስለዚህ የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ሰዒድ በመስመሩ ላይ እየተራራቁ ጉድጓዶች እንዲቆፈሩ አዘዘ፤ ሰው ገብቶ እጁን ቢዘረጋ አፋቸው ላይ የማይደርስ፣ የአፈሩ ዓይነት ከላይ እስከ ታች እንዲታይ ግድግዳቸው በደንብ የተላገ። እንግዶቹ መጥተው እስኪያዩአቸው ሳይደፈኑ ክፍት ይቆያሉ።

ደገፋ ይቆፍራል፤ ቱሉ ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲና በገመድ ይስባል።

«ባቡሩ ሲመጣ መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ ነኝ» ይላል ደገፋ ከታች።

«አንተ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ምን አለህ?»

«ሰው ሲሄድ ሲመጣ አያለሁ።»

«እሱንማ እዚያው ሆነህም ታያለህ። እኔ አለሁልህ፣ ባልዲ ይዤ ስሄድ ስመጣ።»

በዚያ ዘመን ክፍት ጉድጓድ ሜዳ ላይ ትቶ ማደር ምን እንደሚያመጣ ከሁለቱ አንዳቸውም አላሰቡም።

በዚህ መሀል ነገር ተገለባበጠ። በኃይሉ አባል የሆነበት የፖለቲካ ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተጣላና ትናንት ሲያሳድድ የነበረው ዛሬ የሚሳደድ ሆነ። በኃይሉ ተሰወረ፤ ወንበሩ ላይ ግዛው ተቀመጠ።

እንግዶቹ ሊመጡ የተቀጠረው በየካቲት 1970 አንድ ረቡዕ ነበር። በዋዜማው ሜዳው ላይ ተኩስ ሲሰማ አደረ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ደገፋና ቱሉ የውሃ በርሜል በጫነ የአህያ ጋሪ ጉድጓዶቹን ሊያጸዱ ወረዱ። ከሀና ማርያም ወደ ላይ በሚገኘው በመካከለኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ግዛው ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ቆሞ ጠበቃቸው። የጠባቂዎቹ ዓይን ቀልቷል፤ አረቄ አረቄ ይሸታሉ።

«ጴንጤው መጣ» አለ ግዛው። «ይሄንን ድፈነው። ቶሎ በል።»

ደገፋ አጎንብሶ አየ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እጃቸው ወደ ኋላ በሽቦ ታስሯል። አንዷ ወጣት ሴት ነበረች፤ ግንባሯን ጥይት ከፍቶታል፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። አንድ ሸበቶ ሰው በእሷ ላይ በአፉ ተደፍቷል። ሦስተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱ ወደ ሰማይ ነው፤ ከአንገቱ የወረደው ደም ፊቱንም ልብሱንም አንድ አድርጎታል። ግድግዳው ላይ ደገፋ ሲልገው የዋለው አፈር በደም ተረጭቷል።

ጠባቂዎቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ደገፋ በልቡ «ጌታ ሆይ፣ ተቀበላቸው» አለና አካፋውን አነሣ። የመጀመሪያው አፈር በሦስተኛው ሰው ፊት ላይ ወደቀ። አፉ ላይ ያረፈው አፈር ወደ ውስጥ ሰረገደ፤ ከዚያ ብን ብሎ ወጣ። ሰውየው ይተነፍሳል። አንዱ ዓይኑ ተገለጠና ቀጥ ብሎ ደገፋን አየው።

በኃይሉ ነበር።

ደገፋ አካፋውን መሬት ላይ ተከለ። የውስጥ እግሩ ጠባሳ ነዘረው። ምላሱ ሳያዘው ባዶውን ድድ ዳሰሰ። ድፈን የተባለውን ቢደፍን የሚጠይቀው ሰው የለም፤ የሚያውቅም የለም። አንድ አካፋ ሙሉ አፈር አንሥቶ አየር ላይ ያዘው። ከዚያ ወደ ጎን፣ ከጉድጓዱ ውጭ ደፋው።

ወደ ግዛው ሄደ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ኢንጂነር ሰዒድ ይሄንን መካከለኛውን ሳያዩ አይሄዱም ብሎናል። ተደፍኖ ቢያገኙት ያስቆፍሩታል።»

ግዛው በጠመንጃው ሰደፍ ደረቱን መታው። «አንተ ነህ የምታዘኝ?» ደገፋ ሲወድቅ በጫማው ጎኑን ረገጠው፤ ጎድኑ ቋ ሲል ቱሉም ሰማ። ግዛው ሊደግም እግሩን አነሣና ወደ መንገዱ አየት አደረገ።

«እውነት ያስቆፍራሉ?»

«እንዴታ» አለ ቱሉ የአህያዋን ልጓም እንደያዘ። «ፈረንጅ እኮ ነው። ጉድጓድ ለማየት ብሎ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሳያይ ይመለሳል?»

ግዛው ምራቁን ተፋ። «አውጧቸው እንግዲህ። ወንዙ ዳር ወስዳችሁ ጣሏቸው። ጉድጓዱን እጠቡት። የደም ምልክት ባይ አራተኛው አንተ ነህ።»

ጠባቂዎቹ ሬሳ አንነካም አሉ። ደገፋ የተሰበረ ጎድኑን በክንዱ ደግፎ ወረደ። የሴቲቱንና የሽማግሌውን ብብት በገመድ እያሰረ አወጣቸው። የበኃይሉ ተራ ሲደርስ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለ።

«አንተ ሰው፣ ሬሳ ሁን» አለው።

ቱሉ ስቦ ሲያወጣው ገላው መሞቁ በእጁ ተሰማው። ወደ ታች አየ። ደገፋ በዓይኑ ለመነው። ቱሉ በኃይሉን ከሁለቱ ሥር አስተኝቶ በላያቸው ሸራ ጣለባቸው። ከዚያ ከጋሪው ያወረዱትን በርሜል ወደ ጉድጓዱ ገለበጡት። ደሙ ከግድግዳው እየታጠበ ወርዶ ከታች ከአፈሩ ጋር ጭቃ ሆነ።

ጋሪው ሲነቃነቅ ጎማው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ወረደ። ከሸራው ሥር ሰው አቃሰተ።

አንደኛው ጠባቂ ዞረ። «ምንድን ነው እሱ?» አለና ጠመንጃውን አቀባበለ።

ደገፋ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣ። ጎድኑ እንደ ቢላ ወጋው። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ብሎ ጮኸ።

ግዛው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «እሰይ! በኃይሉ ጥርስ አውልቆ ያጣትን ቃል እኔ በአንድ ርግጫ አገኘኋት። ድገማት እስቲ!»

ደገፋ ደገማት። ሠለሳት። ሸራው ሥር ያለው ድምፅ እንዳይሰማ፣ ጥርስ በሌለው አፉ፣ ደም ከምራቁ ጋር እየተረጨ ይጮሃል። ጠባቂዎቹ ደስ ብሏቸው አብረውት ጮኹ፤ አንዱ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ቱሉ የሚነዳው ጋሪ ባሕር ዛፉን ዞሮ እስኪሰወር ደገፋ እጁን አላወረደም። የላፍቶ ሰው ያን ጠዋት ሰማው።

ከዚያ ጋሪውን ተከትሎ ደረሰበትና ሁለቱን ሙታን ወንዙ ዳር ቆፍሮ ቀበራቸው፤ አልጣላቸውም። በኃይሉን ቱሉ በሸራው ጠቅልሎ የደገፋ ቤት አደረሰው።

ደገፋ እየሮጠ ሲመለስ እንግዶቹ ጉድጓዱን ከበው ነበር። አንዱ ከታች የተጠራቀመውን ጭቃና ውሃ እየጠቆመ ይናገራል።

«ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» አለ ኢንጂነር ሰዒድ።

የግዛው ዓይን ደገፋ ላይ ተተክሏል።

«ማታ ደረቅ ነበር» አለ ደገፋ።

ሰዒድ ደም የነካውን የደገፋን ሸሚዝ አየ፤ የግዛውን ጠመንጃ አየ። ሌላ አልጠየቀም። ወደ እንግዶቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ አጭር ነገር ተናገረ። እነሱም ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ከወራት በኋላ የተሰማው ወሬ፣ የላፍቶ ሜዳ ከሥሩ ውሃ አለበት፣ ሐዲድ ለመሸከም ብዙ ወጪ ይጠይቃል፣ ብድሩ እንደገና ይታይ ተብሏል የሚል ነበር። ቀጥሎ ጦርነቱ ገንዘቡን ሁሉ ወሰደው፤ ስለ ባቡሩ የሚያነሣም ጠፋ። ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ሁሉ ውሃ የተገኘበት ያ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ገዲሴ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«ያ በኃይሉ ነው?»

«እሱ ነው።»

ውሃ አፈላች። ቁስሉን ስታጥብ እጇ አልራራም። ሲያቃስት «ዝም በል» አለችው፤ «ባሌ ሲገረፍ አፉ ላይ ጨርቅ ነበረለት፣ ለአንተ ትርፍ ጨርቅ የለንም።» ቢሆንም ቀሚሷን ቀድዳ አንገቱን አሰረችለት።

በኃይሉ መናገር ሲችል መጀመሪያ ያለው ለደገፋ ነው። «ስትጮህ ሰምቼሃለሁ።»

«ዝም በል፣ ቁስልህ ይከፈታል።»

«እኔ ብገድልህ እንኳ የማትላትን—»

«ዝም በል አልኩህ።»

ወደ ገዲሴ ዞሮ ይቅርታ ለመናት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። «እኔ ገና ነኝ።»

አንድ የገበያ ቀን በኃይሉ የደገፋን ካፖርት ለብሶ፣ ከእንጨት ሻጮች ጋር ተቀላቅሎ በቡታጅራ መንገድ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

ደገፋን ግን ቃሉ ቤቱ ድረስ ተከተለው። አብረውት በጓዳ የሚጸልዩት ምእመናን መሪ የሆነው ወንድም ተካ ለብቻው አስቀምጦ ጠየቀው።

«ብለሃል ይባላል።»

«ብያለሁ።»

«ገርፈው ነው ያስባሉህ?»

«የለም። በል ያለኝ አልነበረም፤ ራሴ ነኝ የጀመርኩት።»

«ለምን፣ ወንድሜ?»

ምክንያቱ ከአንድ አፍ ከወጣ ግዛው ጆሮ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ገዲሴም ቱሉም ጉድጓድ ይገባሉ። ተካ አለቀሰ፤ ያችን ቃል አልልም ብሎ እስር ቤት የሞተ የገዛ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው። ደገፋ ከጌታ እራት ታገደ።

«እንግዲያው ደጅ ልቀመጥ» አለ ደገፋ። «ጠባቂ ያስፈልጋችኋል።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ሌሎቹ ጓዳ ገብተው ሲጸልዩ እሱ በሩ ላይ ዶማ ይዞ፣ ቦይ የሚጠርግ መስሎ ይቀመጣል። አብዮት ጠባቂ ሲመጣ በዶማው ድንጋይ ይመታል፤ ዝማሬው ይቆማል።

ክረምት ገባ። መካከለኛው ጉድጓድ የእውነት ውሃ ሞላበት፤ የእንቁራሪት ድምፅ ደገፋ የሚጠብቀው በር ድረስ ይሰማል። አንድ እሑድ ከሰዓት ገዲሴ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና መዳፏን ከፈተች። ቁራሽ ዳቦ ነው።

«የጌታ እራት ነው እኮ» አለ። «ታግጃለሁ።»

«እኔ አልታገድኩም። ድርሻዬን ነው የከፈልኩልህ።»

«ተካ አይቶሻል?»

«አይቶኛል።»

«ምን አለ?»

«ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።» ዳቦውን ወደ እሱ አስጠጋች። «ዛሬ ስጸልይ የበኃይሉን ስም ጠራሁ።»

«እንደ ድሮው?»

«አይ። እንደ ድሮው አይደለም።»

ደገፋ ዳቦውን ተቀብሎ በጎን ጥርሶቹ ቀስ እያለ አኘከው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አመሰገነ። ሲገልጠው ከታች መንገድ የግዛው ሰዎች ጠመንጃ አንግተው ይመጣሉ። ዶማውን አነሣና ድንጋዩን መታ። ውስጡ ጸጥ አለ። ሰዎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ አንዱ «በርታ ቆፋሪው» አለው። ደገፋ ራሱን ነቀነቀና ቦዩን ጠረገ። ኮቴያቸው እስኪጠፋ ጠብቆ ድንጋዩን እንደገና መታ፤ ዝማሬውም ከቆመበት ቀጠለ።