አዋላጇ ድርቤ ለእንደራሴነት ልትወዳደር

ነቀምቴ ውስጥ አዋላጇን ድርቤ ጨመዳን የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው ይባል ነበር። ትልቁም ትንሹም «አዳዳ» ይላታል፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

በ1949 ክረምት ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የምክር ቤት እንደራሴ ሊመርጥ ነው ተብሎ ተለፈፈ። ጨለለቂ ሰፈር ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዙ ሴቶች ለምን አትወዳደሪም አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እነሱ ግን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲያ እግሯ መሬት አልረግጥ አለ። መንገድ ላይ ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ የጠየቋትን ትታ ያልጠየቋትን ትመልሳለች። መምህሩ ባሏ ዋጋሪ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ጓሮ ቆማ ለጎመኑ ንግግር ስታደርግ ደረሰባት። አፍራ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብለው መከሩ። ሴት ናት፤ ተፎካካሪዎቿ ባላባትና ነጋዴ ናቸው። ደግሞስ ማን ይመርጣታል? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያዋለደቻቸው ልጆች አንዳቸውም ለመምረጥ አልደረሱም።

«እናቶቻቸው ደርሰዋል» አላት ዋጋሪ።

እንዲህም ሆኖ አንድ ቀን እወዳደራለሁ፣ አንድ ቀን ይቅርብኝ ስትል ምዝገባው የሚዘጋበት ዕለት ደረሰ። በዚያው ጠዋት ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብላ ከከተማው ውጭ ወዳለችው ኡኬ ተጠራች። ልጁ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። እትብቱን ቋጥራ፣ እናቲቱን አስተኝታ ስትወጣ፣ ለመወዳደር የወሰነችው መቼ እንደሆነ ለራሷም አልታወቃትም፤ ብቻ ወስናለች። ጉራጌው ነጋዴ ረዲ በጭነት መኪናው ወደ ነቀምቴ ሲያልፍ አስቆመችውና ጨው ጆንያ ላይ ወጣች። ጭቃው መኪናውን ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው፣ ከላይ ሆና እንደ ልጅ ትስቃለች።

የምዝገባው ጸሐፊ አቶ ዘነበ የቢሮውን በር ሊቆልፍ ሲል ደረሰች።

«የባለቤትዎን ስም ሊያስመዘግቡ ነው?» አላት።

«የራሴን።»

አዋጁን ገልጦ ሴት አትወዳደርም የሚል አንቀጽ ፈለገ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠ፤ አጣ። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ስሟን ከነአባቷ ጻፈ።

ምርጫው ደርሶ ከሰባት ተወዳዳሪ ሦስተኛ ወጣች። ከእሷ ይልቅ ዋጋሪ አዘነ። በእሑዱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ዳር እየሳቧት «እኔኮ አንቺን ነው የመረጥኩ» ይሏት ጀመር። መረጥንሽ ያሏት ከተቆጠረላት ድምፅ በለጡ። ድርቤ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የባሏን ክንድ ተደገፈች።