ሃያ ደቂቃ ሣር

አዲስ አበባ የፊልም ጥበብ ስማር ትልቁን ምስጢር ነገሩኝ፤ ፊልም ታሪክ አያስፈልገውም፣ ዋናው ነገር ተመልካቹ የራሱን ማየት እንዲያይ ማድረግ ነው። እኔም ለአገሬ ሰው ዓይን የማበራ ሊቅ ሆኜ መንዝ ተመለስኩ።

የጋራ የሣር መሬታችን ወደሆነው ጓሳ ወጥቼ ካሜራዬን ተከልኩና ሃያ ደቂቃ ሣር ቀረጽኩ። ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ ሲያልፍ ይነሣል። አለቀ። ካሜራዬን በፈረሱ ጭኖ ያመጣልኝ ጎረቤታችን መጀመሪያ ከኋላዬ ይስቅ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስንመለስ ኮርቻው ላይ ሣር የተጠቀጠቀበት ጆንያ ደልድሎ፣ "እንዲመችህ ነው" አለኝ። መርቄው ተቀመጥኩ።

ፊልሜ ሞላሌ ከተማ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በገበያ ቀን ታየ። የሠራሁት ለአንድ ሰው ነበር፤ ለአባቴ። ሣሩ እንዲያድግ ጓሳ ዝግ በሆነ ጊዜ ማንም እንዳያጭድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁ ሰው ናቸው። የግብርና ትምህርቴን ትቼ ካሜራ ካነሣሁ ወዲህ ግን በእሳቸው አፍ ስሜ "ሥራ ፈት" ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቀን "ደህና ነው" ቢሉኝ ሌላ አልፈልግም ነበር።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የተበላሸ መስሎት ማጫወቻውን በጥፊ መታው።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሣር በቴሌቪዥን!" አለ አንዱ፣ እየወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ኮራሁ፤ ጥበብ ማለት ሰው ጥሎት የሚወጣ ነገር ነው ብዬ አምን ነበርና።

አባቴ ብቻ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ገባቸው! ብዬ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ድንገት ተነሥተው ዱላቸውን ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ቀሰሩ።

"መልሰው።"

ተመለሰ።

"ይቺን ጥቁር ነገር አላየሃትም?"

ፊልሙን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እሷን ግን አላየሁም። ሰው ነው፤ አጎንብሶ ያጭዳል። አጠገቡ ካሜራዬን የጫነው ፈረስ ቆሟል። የተቀመጥኩበት ጆንያ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ጋለ።

"በዝግ ሣር! አንተ ያኔ የት ነበርክ?"

"ከካሜራው ኋላ።"

"ምን ስትሠራ?"

"ሳይ።"

አባቴ ዱላቸውን አወረዱ።

"ፊልሙስ ደህና ነው" አሉ በመጨረሻ። "ያላየኸው አንተ ነህ።"